አልሰፋ ያለችው ብሌን

በዓይን ሕክምና ክፍላችን የእኔ ሥራ ሁለት ነው፤ ተራ መጥራትና ጋሪ መግፋት። ሦስተኛው ሥራዬ ማውራት ነው፤ ለእሱ ግን የቀጠረኝ የለም። ባልደረቦቼ «ሬዲዮ» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር፤ አሁን በትክክለኛ ስሜ ሲጠሩኝ ሌላ ሰው የጠሩ እየመሰለኝ ዝም እላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም። በአፌ የተነሳ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ሊያጡ ለጥቂት ተርፈዋል፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

የማወራው ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ «አስር ደቂቃ» ነው።

አስር ደቂቃ ነርስ ናት። የዓይን ሞራ ሊገፈፍላቸው የመጡ ሰዎችን ከቀዶ ጥገናው በፊት የምታዘጋጅ እሷ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ስድስት ሰው የሚይዝ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ ብርሃን እንጂ ሰው የማያሳይ መስኮት። የብረት ትሪዋ ላይ ጥጥ፣ ፕላስተርና ሁለት ዓይነት የጠብታ ብልቃጥ አለ። ባለ ቀይ ክዳኑ ብሌን ያሰፋል፤ ባለ ነጭ ክዳኑ ያደነዝዛል።

ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚሠራለት ዓይን የትኛው እንደሆነ ከካርዱም ከራሱም አፍ ታረጋግጥና ከቅንድቡ በላይ ቁራጭ ፕላስተር ትለጥፋለች። ከዚያ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ዝቅ አድርጋ፣ «ጣሪያ ጣሪያውን ይዩ» ትላለች። ጠብ። «ይጨፍኑ። እንዳያሹት።» በአፍንጫ በኩል ያለችውን የዓይን ጥግ በጣቷ ጫን አድርጋ ትቆያለች፤ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ነው። ደረቷ ላይ ገልብጣ የሰካቻትን ሰዓት አየት ታደርግና፣ «አስር ደቂቃ» ትላለች። ከአስር ደቂቃ በኋላ ሁለተኛ ዙር፣ ከዚያ ሦስተኛ። «አለቀ ልጄ?» «አስር ደቂቃ።» «ልግባ እንዴ?» «አስር ደቂቃ።» ስሟ የወጣው እንዲህ ነው።

ለምን እንደምታሰፋው የማይጠይቃት የለም። «እማማ፣ ቁም ሳጥን ከቤት ሲያወጡ በሩን ግማሽ ከፍተው ነው?» ትላለች። «ኧረ አይሆንም!» ይሏታል። «ሞራውም እንደዚያ ነው። ብሌን በር ናት። ገርበብ ባለ በር ቢታገሉ በሩም ይሰበራል፣ ዕቃውም አይወጣ።»

በሩ የተሰበረበት ቀን ነበረ። ከዓመታት በፊት የአንድ ጡረተኛ ብሌን በጠብታው አልሰፋ አለች። ቀዶ ጥገናው መሃል ላይ በዙሪያዋ ያለው ስስ ሽፋን እንደ ረጠበ ጨርቅ እየተንሳፈፈ ከመሣሪያው ሥር ገባና ተቀደደ። ኋላ ሲጣራ ሰውየው ለሽንት የሚዋጥ እንክብል ለዓመታት ሲወስዱ ኖረዋል። ያ እንክብል ፕሮስቴት ያስቸገራቸውን ወንዶች ይገላግላል፤ የዓይንን ብሌን ግን ያልፈሰፍሳታል። ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ መላ አለው፤ ካላወቀ ነው ጉዱ። ሰውየው ቅጹ ሲሞላ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ተብለው ተጠይቀው ነበር። «የለም» አሉ። ምራታቸው አጠገባቸው ቆማ ምን ይበሉ?

እኛ ወንዶች ጉደኞች ነን። ደም ግፊታችንን እንደ ማዕረግ እናወራለን፣ ስኳራችንን ለማናውቀው ሹፌር ሳይቀር እንተርካለን። ይቺን ግን ሚስት እንኳ አትሰማትም።

አስር ደቂቃ ከዚያ ወዲህ የራሷን ዘዴ አበጀች። ሽማግሌ ሲመጣ አስታማሚውን «እስቲ ውሃ ይዘህላቸው ና» ብላ ትሸኛለች። ፊት ለፊት አትቆምም፤ አግዳሚው ላይ ከጎናቸው ትቀመጥና ግድግዳውን እያየች፣ ስለ አየሩ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «አባባ፣ ሌሊት ስንቴ ይነሳሉ?» ትላለች። ሁለት ሰው አንድ ግድግዳ እያየ ሲያወራ አያፍርም። «አራቴ» ይላሉ። «የሚውጡት አለ?» «አለ።» አስታማሚው ውሃውን ይዞ ሲመለስ ነገሩ አልቆ ካርዱ ላይ ተጽፏል። በዚህ ዘዴ ስንት ዓይን እንዳተረፈች እሷም አታውቅ።

ያቃታት አንድ ሰው ብቻ ነው። አባቷ።

አባቷን ሰፈሩ «ጋሽ መቀስ» ይላቸዋል። ከሆስፒታሉ ወረድ ብሎ ጥግ ላይ ባለች ሱቅ ሃምሳ ዓመት ፀጉር አስተካክለዋል። እናቷ ስትሞት ልጅቱ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዘመድ «ለእኛ ስጠን፣ ወንድ ምን ያውቃል» ቢላቸው፣ «ፀጉር አውቃለሁ፤ ሌላውን እማራለሁ» ብለው ብቻቸውን አሳደጓት። ጠዋት ጠዋት የሱቁ ወንበር ላይ ሁለት ትራስ ደርበው ያስቀምጧትና፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ፣ ፀጉሯን ጎንጉነው ትምህርት ቤት ይልኳታል። «አጥብቆ ስለሚጎነጉነው ቅንድቤ ወደ ላይ ይሳብ ነበር» ትለኛለች። «ቀኑን ሙሉ የደነገጥኩ እመስል ነበር።»

አስራ ሁለት ዓመቷ ላይ አንድ ቀን ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ አንገቷን ደፍታ ከትምህርት ቤት ገባች። አባቷ አዩ፤ አልጠየቁም። ሱቁን ዘግተው ወጡ። ትንሽ ቆይታ ክፍሏ ስትገባ ትራሷ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ እሽግ አገኘች፤ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያና ሁለት ከረሜላ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እሽጉ ከትራሷ ሥር ጠፍቶ አያውቅም፤ ከረሜላውም። አንድም ቀን ግን አፍ አውጥተው አልተነጋገሩበትም። በዚያ ቤት ስለ ሁሉም ነገር ይወራል፣ ስለ ገላ ግን አይወራም። ይህን ያወራችኝ ምሳ እየበላን ነው፤ እኔም፣ አመናችሁም አላመናችሁም፣ ለዓመታት ለማንም አልተነፈስኩም።

የጋሽ መቀስ ግራ ዓይን በወጣትነታቸው የሱቁ መስታወት ወድቆ ሲሰበር ጠፍቷል። በቀኙ ኖሩ። ቀኙን ደግሞ ሞራ ሸፈነው። ልጃቸው ሦስት ዓመት ለመነቻቸው፤ «ያለኝ አንድ ነው፣ እሱን ለስለት አልሰጥም» አሉ። በእጃቸው ልምድ እየዳበሱ ሲሠሩ ቆዩና አንድ ቅዳሜ የደንበኛ ጆሮ ቆረጡ። ጆሮው የእኔ ነበር። ቁስሉ ይህን ያህል አልነበረም፤ ደሙን በጣታቸው ሲነኩት ግን ፊታቸው ጠቆረ። መቀሱን አስቀመጡ፣ እኔን ግማሽ እንደተቆረጥኩ አስወጥተው ሱቁን ቆለፉ። ሰኞ ዕለት ልጃቸውን፣ «በይ ውሰጅኝ። ግን የምመጣው አንዴ ነው፤ ከመለሳችሁኝ ዳግም እግሬን አላነሳም» አሏት። ጋሽ መቀስ አሉ ማለት አሉ ነው።

ከቀዶ ጥገናው አምስት ቀን አስቀድሞ ለምርመራ ሲመጡ ቅጹ ተሞላ። የሚወስዱት መድኃኒት? «የለም።» ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ነበር።

የቀዶ ጥገናው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ራሳቸው በዳበሳ ተላጭተው መጡ። አስር ደቂቃ ለሌላ ነርስ አልሰጠቻቸውም። ሌላው ዓይናቸው ከጠፋ ሃምሳ ዓመት የሆናቸው ሰው ላይ ፕላስተር ስትለጥፍ ሳቅኩባት። «ሕግ ሕግ ነው» አለችኝ። አንደኛ ዙር። ሁለተኛ ዙር። ሦስተኛው ካለፈ በኋላ በትንሿ ባትሪ አየቻቸው፤ ደግማ አየቻቸው። አራተኛ ጨመረች። ከዚያ እኔ ወዳለሁበት በር መጣች።

«ሬዲዮ፣ አልሰፋም። ግማሽ ላይ ቆሟል።»

«ዕድሜ ይሆናላ።»

«አግዳሚው ላይ አንዴ ሲቀመጥ አንዴ ሲነሳ አላየኸውም? ሦስቴ ሽንት ቤት ሄዶ ሦስቴም ላብ በላብ ሆኖ ነው የተመለሰው።»

ገብታ ለሐኪሙ ነገረችው። ሐኪማችን ወጣት ነው፤ እጁ ቀልጣፋ፣ ንግግሩ አጭር። «ምክንያቱ እንክብሉ ከሆነ አውቅበታለሁ» አላት። «እዚያው ዓይናቸው ውስጥ የምሰጠው መድኃኒት አለ፤ ብሌኗንም በትናንሽ መንጠቆ ወጥሬ እይዛታለሁ። ካልሆነ ግን ሌላ ሕመም አለ ማለት ነው። አንድ ዓይን ናት ያለቻቸው፤ ምክንያቱን ሳላውቅ አልነካትም። ይመለሱና ይመርመሩ።»

ይመለሱ! እኔና እሷ ተያየን። ጋሽ መቀስ ዛሬ ከተመለሱ ቀሪ ዕድሜያቸውን በጨለማ ሊኖሩ ነው።

«አንተ ጠይቅልኝ» አለችኝ። «ወንድ ለወንድ ይቀላል።»

ገባሁ። እንደ እሷ ከጎናቸው ተቀመጥኩ፣ እንደ እሷ ግድግዳውን አየሁ። «ጋሼ፣ ሌሊት ስንቴ ይነሳሉ?»

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ሬዲዮ።»

«ሬዲዮ!» ብለው ወደ ድምፄ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ያ ባለ ዳቦ ቤቱ ኪንታሮት እንዳለበት የነገርከኝ የት ቁጭ ብለህ ነው? የእኔው ወንበር ላይ አይደለም? አራት ሰው ተራ ይዞ እየሰማ! የእኔን ደግሞ የትኛው ወንበር ላይ ልታወራው ነው?»

ክው አልኩ። እውነታቸውን ነው። ዓይን ክፍል የሚሠራ ሰው የኪንታሮት ወሬ ከየት እንዳገኘ አትጠይቁኝ።

«የምወስደው የለም አልኩ፣ የለም! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«አባዬ!» አለች ልጃቸው ከበሩ ላይ። «እዚህ ቤት በእሱ አይማልም።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ዕለት ምላሴን አውጥቼ ብጥላት ደስ ባለኝ። ሰውየው ለእኔ ያልተናገሩት ስላፈሩ ብቻ አይደለም፤ ስለሚያውቁኝ ነው።

ከዚያ እሷ ገባች። ተቀመጠች፣ ግድግዳውን አየች። «አባዬ» አለች። ቆየች። «አቤት» አሉ። እንደገና ቆየች። «የሱቁን ቁልፍ የት አደረግከው?» «ኪሴ ውስጥ።» «እሺ።» ተነስታ ወጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አልቻልኩም ሬዲዮ። የስንቱን ሰው አባት ጠይቄያለሁ፤ የራሴን እንዴት አሳፍረዋለሁ? እኔን እኮ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።»

ከውስጥ «ቀጣይ!» የሚል ድምፅ መጣ።

አስር ደቂቃ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። ባለ ነጭ ክዳኑን ብልቃጥ አነሳች፤ አባቷን ከአግዳሚው አስነስታ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር ላይ ብቻቸውን አስቀመጠቻቸው።

«አባዬ፣ ይቺ የማደንዘዣዋ ናት። መጀመሪያ ትቆጠቁጣለች፣ ከዚያ ዓይንህ ያንተ አይመስልህም።» ጠብ አደረገች። ዓይናቸውን አስጨፍና ጥጥ ደገፍ አደረገችበት። ቀጥሎ ያለችው ለሁሉም ሰው የምትለውን ነው፤ ቀዶ ጥገና ላይ የሰው እጅ የምትይዘው እሷ ናትና። «ውስጥ ፊትህ ይሸፈናል። መናገር የለም፣ ራስ ማንቀሳቀስ የለም። እጅህን እይዛለሁ። ለምጠይቅህ መልሱ አዎ ከሆነ አንዴ ጨመቅ አድርገኝ፤ አይደለም ከሆነ ሁለቴ። እስቲ እንለማመድ። ቆጠቆጠችህ?»

አንዴ ጨመቁ።

«አሁንስ ለቀቀህ?»

አንዴ።

«ፈርተሃል?»

እጃቸው ቆየች። ከዚያ አንዴ።

ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። ማንም እንዳይሰማ ነበር፤ እኔ ግን ጋሪውን ይዤ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜያለሁ፣ ጆሮዬንም ታውቁታላችሁ።

«ለሽንት የምትውጠው እንክብል አለ?»

እጃቸው ዝም አለች። አንዴም የለም፣ ሁለቴም የለም። አውራ ጣታቸው ላይ የመቀሱ ቀለበት ለሃምሳ ዓመት የሠራው ጠባሳ ይታየኛል፤ ጣቱ አይነቃነቅም።

«አባዬ» አለች። «ትራሴ ሥር ያስቀመጥክልኝን እሽግ ታስታውሳለህ? በጋዜጣ የጠቀለልከውን። እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ አላልኩህም። ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብዬ ነበር፤ አንተ አንዲት ቃል ሳትናገር አወጣኸኝ። አሁንም አንዲት ቃል አትናገር። ጨመቅ ብቻ አድርገኝ።»

ከዚያ ያቺ እጅ አጥብቃ ጨመቀች። አንዴ።

አስር ደቂቃ ከንፈሯን ነከሰች። «ዛሬ ውጠሃል?» ሁለቴ። «አቁመኸዋል?» አንዴ። «ስንት ቀን ሆነህ?» አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አምስት ጊዜ ጨመቁ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባን። «የለም» ያሉት ቃል ለልጃቸው ውሸት እንዳይሆንባቸው አቁመውታል። አምስት ቀን ሙሉ ሽንታቸው እየተያዘባቸው፣ እያማጡ፣ ቃላቸውን እውነት አደረጉት። እንክብሉ ደግሞ ቢያቆሙትም ዓይን ላይ የሠራውን ሥራ እንደዋዛ አይለቅም፤ ይህን አያውቁም ነበር። አንጀቴን በሉት። እኔ ለአንድ ወሬ ስል ስንት ሰው አሳልፌ የሰጠሁ፣ እኚህ ሰው ለአንዲት «የለም» ይህን ያህል ሊከፍሉ!

«ሬዲዮ» አለችኝ ቀና ብላ፤ እንባዋ እየወረደ ነው፣ ፊቷ ግን በርቷል። «ቀስ ብለህ ሽንት ቤት አድርሰህልኝ ና። አታጣድፈው።»

«ሐኪሙስ?»

«አስር ደቂቃ በለው።»

መንገድ ላይ ጋሽ መቀስ ክንዴን ይዘው፣ «ሰምተሃል» አሉኝ።

«ምኑን ጋሼ? ዓይኔን ግንባር...»

«ተው!» አሉ። «በአንድ ቀን አንዱ ይበቃል።»

ሐኪሙ ሲነገረው መንጠቆዎቹን አስመጣና እጁን ሊታጠብ ሄደ። እኔ ጋሪውን ገፍቼ አስገባኋቸውና በሩ ላይ ቆምኩ። ሌላ ጊዜ ቁጭ ብዬ የማወራበት ሰዓት ነው፤ ያን ዕለት ከማንም ጋር አላወራሁም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሐኪሙ ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ ወጣና፣ «ደግ አደረጋችሁ የነገራችሁኝ» ብሎ አለፈ። እሷ ስትወጣ ቀኝ እጇን በግራዋ እያሸች ነበር።

«ምነው?»

«ሲጨምቀኝ ነው የቆየው።»

«አመማቸው እንዴ? ምን ጠይቀሻቸው ነው?»

«ምንም አልጠየቅኩትም» አለች እየሳቀች። «ዝም ብሎ አዎ፣ አዎ፣ አዎ ይለኛል።»

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲነሳ እኔም ሥራ ያለኝ መስዬ ገባሁ። ጋሽ መቀስ መጀመሪያ መስኮቱን አዩ። ከዚያ እጃቸውን እያገላበጡ አዩ፤ ይህን ያህል ያረጀ አልመሰላቸውም ነበር መሰለኝ። ከዚያ እኔን። «ጆሮህ ድኗል» አሉኝ።

«ድኗል ጋሼ። የትናንቱንም ለማንም አልተነፍስም።»

«የለም፣ ይሄንንስ አውራው» አሉ። «ሽማግሌ ባገኘህበት ሁሉ አውራ። አንድ ጊዜ እንኳ አፍህ ሰው ይጥቀም።» ይኸው ፈቃዴ ነው፤ ዛሬ ራሳቸውም ሱቁን ከፍተው፣ የሽማግሌ አንገት ላይ ምላጭ ይዘው «ሌሊት ስንቴ ትነሳለህ?» እያሉ ያፋጥጣሉ አሉ።

ያን ጠዋት ግን ከእኔ ዞረው ልጃቸውን አዩ። ዝም ብለው አዩዋት። «ያን ቆብ አውልቂው» አሏት። ነርስ ቆቧን እንደዋዛ አታወልቅም፤ አመነታች፣ ከዚያ አወለቀችው። ግንባሯ ላይ፣ ጆሮዋ ሥር፣ መሃል ራሷ ላይ፣ ሁሉም ሸብቷል። ጋሽ መቀስ እጃቸውን ዘርግተው አንዷን ዘለላ በሁለት ጣታቸው መሃል ያዙ፤ ሊቆርጡ ሲሉ እንደሚይዙት።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

«አራት ዓመት ሆነው አባዬ።»

«በየቀኑ እየመጣሽ? አብረን እየበላን?» ዘለላዋን አልለቀቁም። «እንዳላዝን ብለሽ ነው ያልነገርሽኝ?»

አንሶላው ላይ ያረፈችውን ሌላ እጃቸውን ፈልጋ ያዘቻትና ጨመቀች። አንዴ።

የጋሽ መቀስ ዓይን እንባ አቀረረ። እሷ ጥጥ አንስታ፣ «አታልቅስ አባዬ፣ ለዓይንህ አይሆንም» አለች።

«አስር ደቂቃ ብቻ» አሉ።